አማቴ ምሳሌ ያጡበት ሐሙስ

አማቴ ከምንም ነገር ስብከት ያወጣሉ። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ማማት ብፈልግማ ከዚህ የበለጠ አለኝ። ሸሚዝ ይዘው አንገትጌውን ሲተኩሱ «አየሽ ልጄ፣ ሰው የሚያሳምረው ደረቱን ነው፣ እድፉ ግን ያለው አንገቱ ላይ ነው» ይላሉ። ቁልፍ የጎደለው ኮት ሲመጣ ስለ ጠፋችው በግ ይጀመራል። አንድ ቀን ውኃ ጠፍቶ ከጎረቤት በባልዲ ስመላለስ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ስለ ሕይወት ውኃ ጀመሩልኝ። «እማማ፣ መጀመሪያ ባልዲውን ይቀበሉኝ፣ ከዚያ እንድናለን» አልኳቸው። ከት ብለው ሳቁና ባልዲውን ተቀበሉኝ። በዚህ በኩል ቅር አይላቸውም፤ ቢሰድቧቸውም ከስድቡ ውስጥ ትምህርት ፈልገው ያወጣሉ። እኔ «ሰባኪዋ ካውያ» ብዬ ስም አውጥቼላቸዋለሁ፤ ስሙ ሰፈሩን ዞሮ እሳቸው ጋ ሲደርስ በጣም ነው የወደዱት።

ላውንደሪያችን ሁለት ክፍል ነው። የኋለኛው ማጠቢያው ነው፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ የሲሚንቶ ገንዳና ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ አለው። የፊተኛው ወደ መንገድ ያያል። እዚያ ባንኮኒው፣ ሁለቱ የመተኮሻ ጠረጴዛዎችና ያለቀ ልብስ የሚሰቀልበት ረጅም ብረት አሉ። ክረምት ከበጋ ይሞቃል። እግር ያብጣል፣ ወገብ ይይዛል፣ ጸጉር በእንፋሎት ይጨማደዳል። አማቴ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ሠላሳ ዓመት ቆመዋል።

አንድ የሥራ ደንብ አለን። «ታጥቧል፣ ካውያ ብቻ ነካ አድርጉልኝ» ተብሎ የሚመጣ ልብስ አለ። ያንን የሚቀበል ሰው በሩ ላይ ይወጣና በቀን ብርሃን ፊቱንም ጀርባውንም ያየዋል። አይቶ ሲጨርስ «ንጹሕ» ብሎ ጮክ ይላል። ተኳሹ ያንን ቃል ከሰማ በኋላ ሁለተኛ አይመረምርም፤ ዓይኑ ጭምድዱን እንጂ እድፍ አይፈልግም። «ንጹሕ» ተብሎ ባለፈ ልብስ ላይ እድፍ ከተገኘ ጥፋቱ የተቀባዩ ነው። ደንቡን ያወጡት አማቴና ታናሽ እህታቸው ናቸው፤ ቤቱን በአንድ ካውያ የጀመሩት ሁለቱ ነበሩና። ታናሺቱ በሩ ላይ፣ ታላቂቱ ጠረጴዛው ላይ ሆነው ዓመታት ሠርተዋል።

እኔ ወደዚህ ቤት በትዳር ስገባ ታናሺቱ አልነበረችም፤ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ባሌ ጭራሮ ነው የሚላት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቀጭን ስለሆነች የወጣላት ስም ነው። አክስቱ ብትሆንም አብራው ስላደገች አንቺ ነው የሚላት፣ እኔም ከሱ ሰምቼ ለመድኩት። የወጣችበትን ምክንያት ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ከአጠገባችን ያለችው አስተማሪ፣ ልጇ ልትመረቅ ስለነበር፣ የልጅቷን ነጭ ቀሚስ ለማስተኮስ ይዛ መጣች። ጭራሮ በሩ ላይ አገላብጣ አየችውና «ንጹሕ» አለች። አማቴ ካውያውን ሲያሳርፉበት ደረቱ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ ወጣ። አስተማሪዋ ባንኮኒው ጋ ቆማ ታያለች። አማቴ በእሷ ፊት ወደ እህታቸው ዞረው «ሻይ ደፍተሽበት ነው የደበቅሺኝ» አሏት። ጭራሮ «በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ፣ ነጭ ነበር» ብላ ማለች። «ውሸታም» አሏት። ልጅቷ በማግስቱ በአሮጌ ቀሚስ ተመረቀች። ጭራሮም ሽርጧን ፈትታ ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። ከተማው ማዶ አንድ ሆቴል ውስጥ ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች።

ይህ ከሆነ ሰባት ዓመት አልፏል። ባሌ ላስታርቃችሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ አፍሮ ተመልሷል። እናቱ «እግዜር ጊዜ አለው» ይሉታል። አክስቱ ደግሞ «መንገዱን ታውቀዋለች» ትለዋለች።

ባለፈው እሑድ ታዲያ ባሌ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። «ጭራሮ ቅዳሜ ጠዋት ትሄዳለች» አለ። ልጇ ያለው ሩቅ አገር ነው፤ እሱ ዘንድ ልትኖር ነው። የተከራየችውን ክፍልም ልታስረክብ ነው። ለመመለስ የሚሄድ ሰው አይደለችም።

አማቴ የትራስ ልብስ እያጠፉ ነበር። «መንገዷን ያቅናላት» አሉና ማጠፋቸውን ቀጠሉ። ያንኑ የትራስ ልብስ ዘርግተው እንደገና ሲያጥፉት ግን አየኋቸው።

«እማማ፣ አይሄዱም?» አልኳቸው።

«እግዜር ጊዜ አለው።»

«እግዜር ጊዜ አለው፤ አውቶቡሱ ግን ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል» አልኩ። ባሌ ዝም በይ ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ዝም አልኩ፤ ግን በጣም ተናደድኩ። ሰው ከቁልፍና ከባልዲ ትምህርት እያወጣ እንዴት አንዲት እህቱን ዝም ይላል ብዬ ሳብሰለስል ሰነበትኩ።

ረቡዕ ጠዋት ከማዕዘኑ ምግብ ቤት የሚሠራው አስተናጋጅ እያለከለከ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ይዟል። «ታጥቧል፣ ካውያ ብቻ፣ ከሰዓት ተረኛ ነኝ» ብሎኝ ሮጠ። በሩ ላይ ወጥቼ ዘረጋሁት። ፊቱን አየሁ፣ ጀርባውን፣ ብብቱን፣ እጅጌውን፣ አንገትጌውን አየሁ። ምንም የለበትም። «ንጹሕ» አልኩ። አማቴ የሌላ ሰው ሱሪ ይዘው ስለነበር ራሴው ወደ ጠረጴዛው ይዤው ሄድኩ። ግራ እጅጌው ላይ ካውያውን ሳሳርፍ ከሥሩ ቀለም መጣ። መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ዓይኔን እስክጨፍን ቡናማ ሆነ።

ካውያውን ብድግ አደረግሁት። የድሃ ልጅ ነው፤ ሁለት ሸሚዝ እንዳለው አውቃለሁ፣ አንዱን አቃጠልኩበት አልኩ። ማልቀስ ሁሉ አማረኝ።

አማቴ መጡና እጅጌውን በጣታቸው ዳሰሱት። አሸተቱት። አልተቆጡም።

«አላቃጠልሽውም» አሉኝ። «ስኳር ነው።»

«የምን ስኳር?»

«ለስላሳ ደፍቶበታል፣ ነጩን። ታጥቧል ይበል እንጂ እጅጌውን በቅጡ አላሸውም። ስኳር ሲደርቅ አይታይም። ፀሐይ ላይ ብትዘረጊውም አይታይም፣ እኔም ባየው አላገኘውም። ካውያው ሲያርፍበት ነው እሳቱ የሚያወጣው። ቶሎ ስላነሣሽው ይለቃል፣ አይዞሽ።»

ወደ ኋላ ክፍል ወሰዱኝ። ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አደረጉ፣ ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ አደረጉበት፣ እጅጌውን ነከሩት። ቀስ ብለው በጣታቸው ሲያሹት ቡናማው እየሳሳ ሄደ። እጃቸው ሥራ ላይ ሲሆን አፋቸው ዝም አይልምና ያው ጀመሩ።

«አየሽ ልጄ፣ እሳት እድፍ አይፈጥርም። የነበረውን ነው የሚያወጣው። ሰውም እንደዚሁ ነው። በሰላሙ ቀን ሁላችንም ነጭ ነን፤ መከራ ሲያርፍብን ነው ውስጣችን ያለው የሚታየው። ስለዚህ እሳቱን አትርገሚው፣ ወደ ውኃው ሂጂ።»

ይህችን ምሳሌ አውቃታለሁ። ከምሳሌዎቻቸው ሁሉ የታወቀችው እሷ ናት። በየሐሙሱ አስተማሪዋ ቤት የሚሰበሰቡት የጸሎት ሴቶች «ያቺን የስኳሯን ይንገሩን» እያሉ ያስደግሟቸዋል። አንዷማ መጽሐፍ ቅዱሷ ሽፋን ላይ ጽፋዋለች። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲያው የወሬ ማሳመሪያ ትመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ ግን እጄ ኮምጣጤ ኮምጣጤ እየሸተተኝ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ።

«እማማ፣ እኔ እኮ ንጹሕ ብዬ ነበር» አልኩ።

«ልክ ነሽ። ለዓይን ንጹሕ ነበር።»

«ያ ቀሚስስ?»

እጃቸው ውኃው ውስጥ ቆመ። «የቱ ቀሚስ?» አሉ፣ የቱ እንደሆነ ከኔ ይበልጥ እያወቁ።

«የአስተማሪዋ ልጅ ቀሚስ። ጭራሮም ንጹሕ ብላ ነበር።»

እጃቸውን ከውኃው አወጡ፣ በሽርጣቸው ጠረጉ። «በይ ሸሚዙን በደንብ አለቅልቂ» አሉና ወደ ፊት ክፍል ሄዱ። እስከ ምሳ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እኔ በዚያ ቤት አራት ዓመት ስኖር እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም፤ ፈራሁ።

ከምሳ በኋላ አስተናጋጁ ሸሚዙን ወስዶ ከሄደ ወዲያ፣ ባንኮኒው ጀርባ ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«ከሄደች በሁለተኛው ዓመት ነው» አሉ። «የአንድ ሐኪም ነጭ ጋውን መጣ። ሰው አልነበረኝም። ራሴ በሩ ላይ ወጥቼ አየሁት፣ ራሴ ንጹሕ አልኩ፣ ራሴ ተኮስኩት። ከሥሩ ቡናማ መጣ። በማን ላላክክ? ሐኪሙን ብጠይቀው ‹አዎ፣ የሎሚ ጭማቂ ፈሶብኝ ነበር› አለኝ። ያን ጊዜ ቀሚሱ ገባኝ። ሱቁን ዘግቼ ልሄድላት ጫማዬን ሁሉ አድርጌ ነበር። ከዚያ ነገ ይሻላል አልኩ። ነገ ዝናብ ሆነ። ከነገ ወዲያ ሥራ በዛ። ሐሙስ ደረሰና ጸሎቱ ላይ ተናገሪ አሉኝ፣ ስለ ካውያውና ስለ እድፉ ተናገርኩ። ሰዉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ምሳሌ ካደረግሁት በኋላ ልጄ፣ ቀለለኝ።»

«አምስት ዓመት?» አልኩ።

«አምስት ዓመት።»

ባሌ ምላስሽ እሾህ ነው ይለኛል፣ እውነቱን ነው። «ለአገር ያካፈሉትን ትምህርት የተጎዳችበትን እህትዎን ብቻ ነፈጓት» አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሽርጥ በእጃቸው ያስተካክሉ ጀመር፤ ያልተጨማደደውን። ቃሌን ግን አላነሣሁትም፣ ምክንያቱም እውነት ነበር።

ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ አብሬአቸው ሄድኩ። እኔ የሐሙስ ሰው አይደለሁም፤ ሥራ አለኝ እያልኩ እቀራለሁ። ያን ቀን ግን ፊታቸው ደስ አላለኝም፣ ብቻቸውን መልቀቅ ፈራሁ። የአስተማሪዋ ሳሎን ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል ያልታረመ ደብተር ተከምሯል፣ በሌላው በኩል አሥር ያህል ሴቶች በፕላስቲክ ወንበር ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠዋል። ተዘመረ፣ ተጸለየ። አንዲት አዲስ የመጣች ሴት ነበረች፤ በቅርቡ ባሏ የሞተባት። አስተማሪዋ ወደ አማቴ ዞራ «እስቲ ለእህታችን ያቺን የስኳሯን ይንገሯት፣ ትጽናና» አለች።

አማቴ ተነሡ። «እሳት እድፍ አይፈጥርም» ብለው ጀመሩና ቆሙ። «እሳት እድፍ አይፈጥርም» አሉ እንደገና። መንፈስ የነካቸው መስሏት አንዷ «አሜን» አለች።

«አሜን አትበሉ» አሉ አማቴ። «ይህችን ምሳሌ ከየት እንዳመጣኋት ነግሬአችሁ አላውቅም።» ወደ አስተማሪዋ ዞሩ። «ቲቸር፣ የልጅሽን ቀሚስ እህቴ አላበላሸችውም። ሻይ አልደፋችም፣ አልዋሸችም። ቀሚሱ ሲመጣ ስኳር ነበረበት፣ ደርቆ የማይታይ። እሷ ያየችውን ነው የተናገረችው። በአንቺ ፊት ውሸታም ያልኳት እኔ ነኝ። እውነቱን ካወቅሁ ደግሞ አምስት ዓመቴ ነው። በእሷ ጉዳት እየሰበክሁ ነው ሳስለቅሳችሁ የኖርኩት።»

አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ልጄ ቀሚሱን ስትለካው የሎሚ ጭማቂ በእጇ ይዛ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ደፋሽበት?› ብላት ‹ትንሽ ነው፣ ደርቋል› አለችኝ። እኔም ረሳሁት። እስከ ዛሬ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።»

አንዲት ደግ ሴት ተነሥታ «ኑ እጅ ለእጅ እንያያዝና እንጸልይላቸው» አለች። ወንበሮች መንቀሳቀስ ጀመሩ።

«አይ እናቴ፣ ጸሎቱን አቆዩልኝ» አሉ አማቴ። «መጀመሪያ ልሂድ።» ሹራባቸውን ከወንበሩ ላይ አነሡና ወጡ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እዚያው ረስተውት፣ እኔ ይዤ ከኋላቸው ሮጥኩ። መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ ሰው ሲያደርገው ያየሁት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ይኸው እኔም ስብከት ጀመርኩ፤ ከእሳቸው ጋር የዋለ ምን ይሆናል።

ሁለት አውቶቡስ መያዝ ነበረብን። በመጀመሪያው መቀመጫ አላገኘንም፣ በሁለተኛው ከኋላ ተቀመጥን። አማቴ የእጃቸውን ጣት እየቆጠሩ ንግግር ያዘጋጃሉ።

«ሁለት እህቶች ነበሩ ብዬ ብጀምርስ?»

«እማማ፣ ምሳሌ የለም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልጀምር?»

«በድዬሻለሁ ይበሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝም ይበሉ።»

ከዚህ የከበደ ነገር ጠይቄአቸው አላውቅም። መስኮቱን እያዩ ለብቻቸው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ቃሉን ይለማመዱታል መሰለኝ። አንድ ጊዜ «ባታስገባኝስ?» አሉኝ እንደ ሕፃን። «ደጅ ላይ ይነግሯታል» አልኩ። እጃቸውን ያዝኩላቸው። በካውያ የጠነከረ እጅ ነው።

ጭራሮ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አማቴ በየመድረኩ እያረፉ ወጡ። በሩ ተከፍቷል። ክፍሏ ባዶ ሆኗል፤ ፍራሹ ተጠቅልሎ ታስሯል፣ ካርቶኖቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። እሷ ተንበርክካ አንድ ካርቶን በገመድ ታስራለች። እውነትም ቀጭን ናት። ቀና ብላ አየችን።

«እቴቴ» አለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ ወዲያው ፊቷን መልሳ ኮስተር አደረገችው።

አማቴ ደፉ ላይ ቆሙ። «ጭራሮዬ» አሉ፣ «አንድ ገበሬ ሁለት በሬዎች ነበሩት...» ከኋላ ወገባቸውን ጎነተልኳቸው። ቆሙ። ትንፋሽ ወሰዱ።

«በድዬሻለሁ» አሉ። «ቀሚሱ ነጭ ነበር። ልክ ነው ያየሽው። ስኳር ነው። ዛሬ ለቲቸርም ነግሬያታለሁ፣ በሰው ፊት።»

ጭራሮ ገመዱን እንደያዘች ቀረች። «አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ስኳር መሆኑን። ሆቴሉ በገባሁ በወሩ ነው ያወቅሁት። ለስላሳ ያልተደፋበት የጠረጴዛ ልብስ የት ይገኛል? በቀን አሥሩ ይወጣል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ውሸታም ያለችኝን ሴት ሄጄ እውነት ልንገራት? አንቺም ተኳሽ ነሽ፣ አንድ ቀን ያጋጥምሻል አልኩ። ሲያጋጥምሽ ትመጫለሽ አልኩ።» ገመዱን ጠበቅ አደረገችው። «መቼ አጋጠመሽ? ትናንት ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። እውነቴን ነው፣ እኔ ብሆን ትናንት እል ነበር። ባሌም ቢሆን ትናንት ባሉ ኖሮ ይላል።

«አምስት ዓመት ሆነኝ» አሉ አማቴ።

ጭራሮ ገመዱን ለቀቀችው። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለች። ወለሉን አየች።

«ውሸታም ያልሽኝን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ከቆየ» አለች በመጨረሻ። «ተናደሽ ነው፣ ሰው ቆሞብሽ ነው፣ ሳታውቂ ነው፣ እያልኩ ለራሴ ስነግረው አለቀልኝ። አምስቱን ግን አላውቅም ነበር እቴቴ። አምስቱ ለኔ አዲስ ነው።»

«ልክ ነሽ» አሉ አማቴ።

«ቅዳሜ ደግሞ እሄዳለሁ። ይህን ሰምቼ አልቀርም።»

«ልክ ነሽ።»

ሌላ ምንም አላሉም። እኔ ምሳሌ እንዳይናገሩ ስጠብቃቸው የዋልኩ ሴት፣ ምነው አንድ ነገር ባሉ አልኩ በልቤ። እሳቸው ደፉ ላይ ቆመው እንባቸው በአገጫቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። እኔም መጽሐፍ ቅዱሱን አቅፌ ከኋላቸው አለቅሳለሁ። ደረጃው ላይ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ሰው የሞተ ይመስለው ነበር።

ጭራሮ በእጇ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች። «ስትጸልዪ ስሜን ታነሺ ነበር?» አለች።

«አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም።»

«ምን ብለሽ?»

አማቴ ሹራባቸውን ጎተት ጎተት አደረጉ።

«እኮ ምን ብለሽ?»

«ጌታ ሆይ፣ ልቧን አራራላት፣ እያልኩ» አሉ።

«የማንን ልብ?»

«ያንቺን።»

ጭራሮ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ። ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም፤ ካርቶኑ ላይ ጎንበስ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «የኔን» ትላለች፣ መልሳ ትስቃለች። «እኔ እዚህ ሰው ደረጃውን በወጣ ቁጥር ቀና እያልኩ የምኖረውን፣ የኔን ልብ አራራላት።» ሳቁ እየቆየ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ከዚያም ተመልሶ መጣ። አማቴም በእንባቸው መሐል ሳቅ አመለጣቸው።

«ነይ ግቢ እንግዲህ» አለች ጭራሮ። «ቆመሽ ነው እንዴ የምታለቅሺው?» ገና ያልታሰረች አንዲት ወንበር ነበረች፤ ከላይዋ ያለውን ጨርቅ ወለሉ ላይ ጣል አድርጋ አስቀመጠቻቸው። እሷ ከፊታቸው ካርቶኑን ጎትታ ተቀመጠች። ሁለቱንም እጃቸውን ያዘች።

«በይ አሁን ጸልዪ» አለቻቸው። «ስለ ራስሽ ልብ። እኔ አሜን እላለሁ።»

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። ለሳሙና ቁራጭ እንኳ ሩብ ሰዓት መጸለይ የሚችሉ ሴት ናቸው።

«ጌታ ሆይ» አሉ። ጠበቅን። ከታች አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ጌታ ሆይ፣ የኔን» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ድምፃቸው አልወጣም።

ጭራሮ ጠበቀቻቸው። ሌላ ቃል እንደማይመጣ ሲገባት፣ እጃቸውን ሳትለቅ «አሜን» አለች።